ፍርሃትንና ፋታ የማይሰጡ ተደጋጋሚ ድርጊቶችን ኮምፒውተር ሊያክም ይችላል?

በሩን ቆልፎ የወጣ ሰው ከመንገድ ተመልሶ ቁልፉን አንድ ጊዜ ቢያረጋግጥ የሚያስገርም ነገር የለውም። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ የሚመለስ፣ በዚህም ምክንያት ሥራ የሚያረፍድ፣ በመጨረሻም ከቤት መውጣቱን ጨርሶ የሚተው ከሆነ ግን ነገሩ ከጥንቃቄ አልፏል። ቆዳዋ እስኪላጥ እጇን የምትታጠብ ወጣት፣ ውሻ እንዳያጋጥመው ሲል በየዕለቱ ረዥም መንገድ የሚዞር ጎልማሳ፣ በሊፍት መሳፈር ስለማይችል ስምንተኛ ፎቅ ላይ የተገኘለትን ሥራ የሚተው ምሩቅ ከዚሁ ወገን ናቸው።

አብዛኞቹ ችግራቸውን ለዓመታት ደብቀው ይኖራሉ። አንዳንዶቹ እንዳያብዱ ይፈራሉ፤ ሌሎቹ ሰው እንዳይስቅባቸው ይሰጋሉ። ለእነዚህ ሕመሞች ውጤታማነቱ በተደጋጋሚ የተረጋገጠ የሥነ ልቦና ሕክምና ካለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው ሕክምናውን የሚሰጥ ባለሞያ ነው። ይህ እጥረት በሀብታም አገራት ሳይቀር ታካሚዎችን ለወራት ወረፋ ያስጠብቃል።

ተመራማሪዎች “የሕክምናውን ተደጋጋሚ ክፍል ኮምፒውተር ቢሠራውስ?” ብለው የጠየቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ጥያቄው ከተነሣ አራት አሥርት ዓመታት ገደማ አልፈዋል። መልሱም “አዎ” ወይም “አይደለም” በሚል አንድ ቃል የሚያልቅ አልሆነም።

ሕመሞቹ ምንድን ናቸው?

ፍርሃት በራሱ ሕመም አይደለም። ሰውን ከእባብ፣ ከገደልና ከእሳት ያራቀው ፍርሃት ነው። ፎቢያ የሚባለው ግን ፍርሃቱ ከአደጋው መጠን ጋር የማይመጣጠን፣ ለወራትና ለዓመታት የሚቆይ እንዲሁም የሰውየውን ኑሮ የሚያጠብ ሲሆን ነው። የሚፈራው ነገር እንስሳ፣ ከፍታ፣ ደም፣ መርፌ፣ ጠባብ ቦታ ወይም የሕዝብ ስብስብ ሊሆን ይችላል።

በምኅጻረ ቃል ኦሲዲ ተብሎ የሚጠራው ሕመም ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ሰውየው ሳይፈልገው እየተመላለሰ የሚያስጨንቀው ሐሳብ ነው፤ “እጄ ተበክሏል”፣ “ምድጃውን አላጠፋሁም”፣ “ልጄን ልጎዳው እችላለሁ” የሚል ዓይነት። ሁለተኛው ያንን ጭንቀት ለማስታገስ የሚፈጸም ተደጋጋሚ ድርጊት ነው። መታጠብ፣ መፈተሽ፣ መቁጠር፣ ዕቃ ማስተካከል፣ በልብ ቃላት መደጋገም፣ ሰውን ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ታማሚው ብዙውን ጊዜ ድርጊቱ ትርጉም እንደሌለው ያውቃል፤ ቢሆንም መተው አይችልም።

በዩናይትድ ስቴትስ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሕይወት ዘመናቸው በአንድ ወቅት በኦሲዲ የሚያዙ ሰዎች ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው። ኦሲዲ ለረዥም ጊዜ ከጭንቀት ሕመሞች ጋር ሲመደብ ቆይቶ፣ በአውሮፓውያኑ 2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ራሱን የቻለ ምድብ ተሰጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በ2019 ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከጭንቀት ሕመሞች ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገልጻል። ከእነዚህም ሕክምና የሚያገኙት ከአራቱ አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው።

የሚፈሩትን መጋፈጥ

የፎቢያም የኦሲዲም ሕክምና መነሻ አንድ ነው። የፈራ ሰው ይሸሻል፤ ሲሸሽ ለጊዜው እፎይ ይላል፤ እፎይታው ግን “የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው” የሚለውን እምነት ያጠነክረዋል። እጅ መታጠብም እንዲሁ ነው። መታጠቡ ጭንቀቱን ለጥቂት ደቂቃ ያበርደዋል፤ በማግስቱ ግን ጭንቀቱ በርትቶ ይመለሳል። ሕመሙን ከሚመግቡት ነገሮች ዋነኛው ይኸው አጭር እፎይታ ነው።

ሕክምናው ይህንን ዑደት ይሰብራል። ታካሚው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይጋፈጣል፤ ኦሲዲ ያለበት ከሆነ ደግሞ ከተጋፈጠ በኋላ የለመደውን ድርጊት ከመፈጸም ይታቀባል። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይንራል። ከዚያም ታካሚው ሳይሸሽና ሳይታጠብ ሲቆይ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይረግባል። ባይረግብ እንኳ ታካሚው የፈራው ጥፋት እንዳልደረሰና ጭንቀቱን ተሸክሞ መቆየት እንደሚችል ይማራል።

ለዚህ ዘዴ መሠረት ከጣሉት አንዱ በደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ የተወለዱት የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ናቸው። በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ የማለማመድ ሕክምናን አስተዋወቁ። በ1966 ደግሞ በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል የሚሠሩት ቪክቶር ሜየር፣ በዚያን ጊዜ ለመዳን እጅግ አስቸጋሪ ተብሎ ይቆጠር የነበረውን ኦሲዲ፣ ታካሚዎች የሚፈሩትን እንዲነኩ በማድረግና ድርጊታቸውን እንዳይፈጽሙ በመከታተል ማከም እንደሚቻል አሳዩ።

ከለንደን የተነሣው ሙከራ

ሕክምናው ውጤታማ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። ባለሞያው የሕመሙን ምንነት ያስረዳል፣ የፍርሃቶችን ዝርዝር ያወጣል፣ የቤት ሥራ ይሰጣል፣ በሳምንቱ ውጤቱን ይጠይቃል፤ ይህንኑ ለእያንዳንዱ ታካሚ ይደጋግመዋል። በለንደን የሥነ አእምሮ ኢንስቲትዩትና በሞድስሊ ሆስፒታል ያገለገሉት ፕሮፌሰር አይዛክ ማርክስ ትኩረታቸው በዚህ ላይ ነበር። እርሳቸውም የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ናቸው፤ ትውልዳቸው ኬፕታውን ነው።

ማርክስና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ፎቢያ ያለባቸውን ታካሚዎች በሦስት ቡድን ከፍለው አነጻጸሩ። አንደኛው ቡድን መመሪያውን ከሐኪም፣ ሁለተኛው ከመጽሐፍ፣ ሦስተኛው ከኮምፒውተር አገኘ። በ1988 ይፋ የሆነው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ የሦስቱም ቡድኖች መሻሻል ተቀራራቢ ነበር። ከዚህ ተመራማሪዎቹ የወሰዱት ትምህርት ወሳኙ ነገር መመሪያው ከየት መምጣቱ ሳይሆን ታካሚው ከሚፈራው ነገር ጋር በእርግጥ መጋፈጡ መሆኑን ነው።

በዚህ መንፈስ ሁለት ፕሮግራሞች ተወለዱ። ፊርፋይተር የተባለው ለፎቢያና ለድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም ተዘጋጀ። ማርክስ ከአሜሪካውያኑ ጆን ግራይስትና ሊ ቤር ጋር ያዘጋጁት ቢቲ ስቴፕስ ደግሞ ለኦሲዲ ነበር። ቢቲ ስቴፕስ መጀመሪያ ስክሪን እንኳ አልነበረውም። ታካሚው የመመሪያ መጽሐፍ ይዞ ከቤቱ ይደውላል፤ ኮምፒውተሩ በተቀዳ ድምፅ ይጠይቀዋል፤ እርሱም የስልኩን ቁጥሮች እየተጫነ ይመልሳል። ማታም ሆነ ሌሊት መደወል ይቻል ነበር።

ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል?

ፊርፋይተርም ሆነ ቢቲ ስቴፕስ ዘጠኝ ደረጃዎች ነበሯቸው። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገራት የተሠሩት ፕሮግራሞችም በይዘት ብዙም አይለያዩም።

በመጀመሪያ ታካሚው ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው አመክንዮ ያነብባል ወይም ያዳምጣል። ቀጥሎ ሐሳቡን፣ ድርጊቱንና የሚሸሻቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የጭንቀት ነጥብ ይሰጥና “የፍርሃት መሰላል” ያዘጋጃል።

ለምሳሌ ብክለትን የሚፈራ ሰው መሰላል እንዲህ ሊሆን ይችላል። የታክሲ በር እጀታ ይዞ እጅን ሳይታጠቡ መቆየት 30 ነጥብ ያገኛል። ያረጁ የብር ኖቶችን ቆጥሮ ያንኑ ማድረግ 50 ይሆናል። በጤና ጣቢያ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከተመለሱ በኋላ ልብስ አለመቀየር ደግሞ 80 ሊሰጠው ይችላል። ታካሚው ከ30ው ይጀምራል። ልምምዱን በየቀኑ እየደጋገመ የጭንቀቱን ነጥብ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙም ውጤቱን በግራፍ ያሳየዋል። የመጀመሪያው ሲቀልለት ወደ ሁለተኛው ይወጣል።

የቤተሰብም ድርሻ አለ። ብዙ እናቶችና አባቶች፣ ባሎችና ሚስቶች ለታማሚው አዝነው “አዎ፣ በሩ ተዘግቷል” እያሉ አሥር ጊዜ ይመልሳሉ፤ በእርሱ ፈንታ በር ይከፍታሉ፤ ሦስት ጊዜ ልብስ ያጥባሉ። ይህ ፍቅር ነው፤ ሕመሙን ግን ያደላድለዋል። ጥሩ ፕሮግራሞች ቤተሰብ ከዚህ እርዳታ ቀስ በቀስ፣ በስምምነትና ያለ ቁጣ እንዴት እንደሚወጣ ያስተምራሉ።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

በ2002 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት 218 የኦሲዲ ታካሚዎችን በዕጣ በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። የሕመሙ ክብደት የሚለካው በባለሞያዎች ዘንድ በተለመደው ከ0 እስከ 40 በሚደርስ መለኪያ ነው። በሐኪም የታከሙት በአማካይ 8 ነጥብ፣ በቢቲ ስቴፕስ የታከሙት 5.6 ነጥብ፣ ጡንቻን የማፍታታት ልምምድ ብቻ የተሰጣቸው ደግሞ 1.7 ነጥብ ቀነሰላቸው። ኮምፒውተሩ ከሐኪሙ አነሰ፤ ያለ ተገቢ ሕክምና ከመቅረት ግን እጅግ በለጠ።

በ2004 የታተመው የፊርፋይተር ጥናት ደግሞ ፎቢያና የድንጋጤ ሕመም ባለባቸው 93 ታካሚዎች ላይ የተካሄደ ነበር። በኮምፒውተር የተመሩትና በሐኪም የተመሩት ተቀራራቢ መሻሻል አሳዩ። የሐኪሙ ጊዜ ግን በ73 በመቶ ቀነሰ። ሕክምናውን ሳይጨርሱ ያቋረጡት በኮምፒውተሩ በኩል በዝተው ነበር።

በ2006 ለእንግሊዝና ለዌልስ የሕክምና ዘዴዎችን የሚመዝነው ናይስ የተባለ ተቋም ውሳኔውን አሳወቀ። ፊርፋይተር ለፎቢያና ለድንጋጤ ሕመም በመንግሥት የጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲሰጥ ተፈቀደ። በዚያን ጊዜ ኦሲ ፋይተር የሚል አዲስ ስም ይዞ የነበረው ቢቲ ስቴፕስ ግን ለኦሲዲ እንዲሰጥ አልተመከረም፤ ሕክምናውን የጀመሩ ታካሚዎች ብቻ እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። ኮምፒውተር ለአንዱ ሕመም ስለሠራ ለሌላውም ይሠራል ማለት እንደማይቻል ያ ውሳኔ አስታውሷል።

ስዊድን የሄደችበት መንገድ

ለኦሲዲ የተሻለ ውጤት የመጣው በኢንተርኔት የሚሰጠው ፕሮግራም ከባለሞያ ክትትል ጋር ሲጣመር ነው። በዚህ ረገድ ስዊድን ቀዳሚ ናት። በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት 101 አዋቂ ታካሚዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ለ10 ሳምንታት ፕሮግራሙን እየተከታተሉ ከባለሞያ ጋር በጽሑፍ መልእክት ተለዋወጡ። ሌሎቹ በኢንተርኔት ምክርና ማበረታቻ ብቻ አገኙ። ከመጀመሪያዎቹ 60 በመቶው ጉልህ መሻሻል ሲያሳዩ ከሁለተኞቹ ይህን ያሳዩት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ኦሲዲ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በጉርምስና በመሆኑ ቀጣዩ ጥያቄ የልጆች ነበር። በ2021 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ሌላ የስዊድን ጥናት 152 ልጆችንና ወጣቶችን አሳትፏል። አንደኛው ቡድን ፊት ለፊት ታከመ። ሌላኛው በቅድሚያ የኢንተርኔቱን ፕሮግራም ተከታተለ፤ በቂ መሻሻል ያላሳዩት ከዚያ በኋላ ወደ ባለሞያው ክፍል ገቡ። ከስድስት ወር ክትትል በኋላ የሁለቱ ቡድኖች ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ በሁለቱም ከሦስት ልጆች ሁለቱ ያህል ተሽሏቸዋል።

ይህ አካሄድ “በደረጃ የሚሰጥ ሕክምና” ይባላል። ቀለል ያለውና ርካሹ መንገድ ለሚበቃቸው ይሰጣል፤ የባለሞያው ውድ ጊዜ የበለጠ ለሚያስፈልጋቸው ይቆጠባል። ብዙ የዘርፉ ተመራማሪዎች ዛሬ የኮምፒውተርን ተገቢ ቦታ የሚያዩት በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ነው፤ ባለሞያውን እንዲተካ አይጠብቁም።

በዓይን ላይ የሚጠለቅ ዓለም

አንዳንድ ፍርሃቶችን በእውኑ ዓለም መለማመድ ያስቸግራል። አውሮፕላን የሚፈራ ሰው በየሳምንቱ ትኬት ሊቆርጥ አይችልም። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተባለው ቴክኖሎጂ፣ ማለትም ዓይንን ሸፍኖ ምናባዊ ዓለም የሚያሳየው መነጽር፣ ለዚህ መፍትሔ ይዞ መጣ።

በ1995 ባርባራ ሮትባምና ላሪ ሆጅስ በዩናይትድ ስቴትስ ጆርጂያ ግዛት ከፍታ የሚፈሩ 20 ተማሪዎችን ለጥናት መረጡ። ተማሪዎቹ በኮምፒውተር በተሠሩ ድልድዮች፣ በረንዳዎችና የመስታወት ሊፍት ውስጥ ተለማመዱ፤ ፍርሃታቸውም ቀነሰ። በ2018 ደግሞ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ዳንኤል ፍሪማን የተመራ ጥናት በ100 ሰዎች ላይ ተካሄደ። በዚህኛው ሕክምናውን የሚመራው በመነጽሩ ውስጥ የምትታይ ምናባዊት አሠልጣኝ ነበረች። ተሳታፊዎቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ጥቂት የግማሽ ሰዓት ልምምዶችን አደረጉ፤ የከፍታ ፍርሃታቸው በአማካይ በ68 በመቶ ቀነሰ።

በምናባዊው ዓለም የሚታየው ገደል ሐሰት መሆኑን ተለማማጁ ያውቃል። ልቡ ግን ይመታል፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ልምምዱን ጠቃሚ የሚያደርገውም ሰውነቱ እንደ እውነተኛ ገደል መቁጠሩ ነው።

ሰው የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

ከጥናቶቹ ደጋግሞ የሚወጣ አንድ ሐቅ አለ። በሰው የሚታገዝ ፕሮግራም ያለ አጋዥ ከሚተው ፕሮግራም በአብዛኛው የተሻለ ውጤት ያመጣል፤ የሚያቋርጡትም ሰዎች ያንሳሉ። እገዛው ረዥም መሆን አያስፈልገውም። በሳምንት የጥቂት ደቂቃ ስልክ ወይም አጭር መልእክት ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ምክንያቱ ከሕክምናው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሕክምና ሰውን ለጭንቀት ወደሚያጋልጠው ነገር ይመራዋል። ጭንቀቱ በናረበት ሰዓት ፕሮግራሙን መዝጋት አንድ ቁልፍ መጫን ነው። “ሐሙስ ከባለሞያዋ ጋር እንነጋገራለን” የሚል ቀጠሮ ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይጸናል።

ሌላም አለ። ኮምፒውተር ያልተነገረውን አያይም። ታካሚው ከኦሲዲው በተጨማሪ ከባድ ድብርት ሊኖርበት ይችላል፤ ራሱን ስለማጥፋት ሊያስብ ይችላል፤ ጭንቀት የመሰለውም የታይሮይድ ወይም የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለይቶ የሚያውቀው የመረመረው ሐኪም ነው። ኦሲዲ ሲከብድ መድኃኒትም ያስፈልጋል፤ መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው።

የቻትቦት ወጥመድ

በ1966 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጆሴፍ ዋይዘንባም “ኤላይዛ” የተባለ ፕሮግራም አስተዋወቁ። ኤላይዛ የሰውየውን ዐረፍተ ነገር በጥያቄ መልክ እየመለሰች እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም ታስመስል ነበር። ጸሐፊያቸው ከፕሮግራሟ ጋር ጥቂት ከተነጋገረች በኋላ ብቻዋን እንድትሆን ዋይዘንባምን ከክፍሉ እንዲወጡ መጠየቋን እርሳቸው ተርከዋል። ሰው ከማሽን ጋር በቀላሉ ምሥጢር እንደሚጋራ የተገነዘቡት ዋይዘንባም ቀሪ ዘመናቸውን ኮምፒውተር የሰውን ቦታ እንዳይወስድ ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል።

ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ቻትቦቶች በብዙ ቋንቋዎች ለማንኛውም ጥያቄ ወዲያውኑ ይመልሳሉ። ቀደም ሲል የተጠቀሱት ፕሮግራሞች ግን ከእነዚህ ይለያሉ። እነርሱ ደረጃቸው የታወቀ፣ ይዘታቸው በባለሞያ የተጻፈና በጥናት የተፈተኑ ናቸው። አብዛኛው ቻትቦት የተሠራው ለሕክምና አይደለም።

ኦሲዲ ላለበት ሰው ደግሞ የተለየ አደጋ አለ። ከሕመሙ ድርጊቶች አንዱ ማረጋገጫ መፈለግ ነው፤ “ይህን ነክቼ ልታመም እችላለሁ?”፣ “እንዲህ ማሰቤ ክፉ ሰው ያደርገኛል?” እያሉ መጠየቅ። ዘመድ ቢሆን ይሰለቻል፤ አንድ ቀን “አሁንስ በቃ” ይላል። ቻትቦት ግን አይሰለችም፤ በሌሊትም፣ ለመቶኛ ጊዜም በትሕትና “አይዞዎት፣ ምንም አይሆኑም” ብሎ ሊመልስ ይችላል። እያንዳንዱ መልስ አጭር እፎይታ ነው፤ አጭር እፎይታ ደግሞ ዑደቱን ይመግበዋል። በመሆኑም ደግ የሚመስለው መሣሪያ እጅ እንደ መታጠብ ያለ ሌላ ተደጋጋሚ ድርጊት ሆኖ ሊያርፍ ይችላል።

የምሥጢር ጉዳይ

ለኮምፒውተር የተነገረ ምሥጢር የሆነ ቦታ ይቀመጣል። በ2020 በፊንላንድ የሆነው ይህንን ለዓለም አሳይቷል። ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የመረጃ ቋት ተሰብሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎች መረጃ ተሰረቀ። ወንጀለኛው ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን ታካሚዎቹን በቀጥታ “ካልከፈላችሁ ምሥጢራችሁን አወጣዋለሁ” ሲል አስፈራራ። ድርጅቱ ከሰረ፤ ተከሳሹም በ2024 የእስር ቅጣት ተፈረደበት።

የመተግበሪያ ባለቤቶችም ራሳቸው መረጃ አሳልፈው የሚሰጡበት አጋጣሚ አለ። በ2023 የዩናይትድ ስቴትስ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቤተርሄልፕ የተባለው የኢንተርኔት የሥነ ልቦና አገልግሎት የተጠቃሚዎችን መረጃ ለማስታወቂያ ዓላማ ለሌሎች ኩባንያዎች አጋርቷል በሚል ላቀረበው ክስ ኩባንያው 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

በምሥራቅ አፍሪካ ምን ይጠቅማል?

በቀጣናው የአእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያይ እጅግ አነስተኛ ነው። በኢትዮጵያ ለ100 ሺህ ሰው አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም እንኳ አይደርስም። አገልግሎቱም እንደ አዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የናይሮቢው ማታሪና የካምፓላው ቡታቢካ ባሉ ጥቂት ተቋማት ላይ ተጭኖ ቆይቷል። እነዚህ ሆስፒታሎች ቅድሚያ የሚሰጡት ለከባድ ሕመሞች ነው። በሥራውና በቤቱ እየዋለ በዝምታ የሚሰቃየው የኦሲዲ ታማሚ ወደዚያ የሚሄደው ዘግይቶ ነው፤ ጭራሹን የማይሄደውም ብዙ ነው።

በመሆኑም ስልክን ወይም ኮምፒውተርን ለሕክምና መጠቀም ለዚህ አካባቢ ቅንጦት አይደለም። በኬንያ ሻሚሪ የተባለ ቡድን በ2020 ባሳተመው ጥናት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮምፒውተር የተሰጠ የአንድ ጊዜ ትምህርት የድብርት ስሜትን መቀነሱን አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ኦሲዲ አልነበረም፤ ሐሳቡ በአፍሪካ ትምህርት ቤት ውስጥም ሊሠራ እንደሚችል ግን አመልክቷል።

እንቅፋቶቹ ግን ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። በጥናት የተፈተኑት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ፣ በስዊድንኛና በመሳሰሉት የተዘጋጁ ናቸው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩበት አገር ቋንቋ አገልግሎቱን ሊያገኙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ልብን የሚያስጨንቀውን ነገር በሁለተኛ ቋንቋ መዘርዘር ለብዙዎች ከባድ ነው። ሁለተኛው የኢንተርኔት ዋጋና መቆራረጥ ነው። እዚህ ላይ ቢቲ ስቴፕስ የተጠቀመበት ተራ የስልክ ጥሪ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። ሦስተኛው ገመና ነው። አንድ ስልክ ቤተሰብ በሙሉ በሚጠቀምበት ቤት የፍርሃትን ዝርዝር ማን ሊያነብ እንደሚችል ማሰብ ግድ ይላል።

አራተኛው ባህልና እምነት ነው። እንጀራ በእጅ በሚበላበት ማዕድ ከምግብ በፊት መታጠብ ወግም ጤናም ነው። ስለዚህ “አትታጠብ” የሚል ከሌላ አገር የተገለበጠ መመሪያ አይሠራም፤ ጤናማው መታጠብና የሕመሙ መታጠብ የሚለዩበት ወሰን መሰመር አለበት። የእምነት ጉዳይም እንዲሁ ነው። ውዱእ አልተሟላልኝም ብሎ ደጋግሞ የሚታጠብ ሙስሊም፣ አንድን ኃጢአት ለንስሐ አባቱ ስንት ጊዜ ተናዝዞ እፎይታ ያጣ ክርስቲያን በሐኪሞች ዘንድ የሚታወቁ ታካሚዎች ናቸው። በእስልምና ይህን መሰሉ ጥርጣሬ “ወስዋስ” ይባላል። ሕክምናው እምነትን አይነካም፤ የሚነካው ከእምነቱ ሥርዓት ያለፈውን ድግግሞሽ ነው። የንስሐ አባት ወይም ኢማም “አንድ ጊዜ ይበቃል” ብለው ሲያጸኑ የባለሞያው ሥራ ይቀልላል። ማሽን ይህን ሥልጣን የለውም።

ብዙ ቤተሰቦች ታማሚውን በቅድሚያ የሚወስዱት ወደ ጠበል ወይም ወደ ሸኽ ነው። የሃይማኖት መሪዎችና ሐኪሞች ተቀራርበው ሲሠሩ ታማሚው አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው አይገደድም።

ከመጀመር በፊት መጠየቅ ያለበት

ባለሞያዎች እንዲህ ያለ ፕሮግራም ወይም መተግበሪያ የሚሞክር ሰው ጥቂት ጥያቄዎችን እንዲያነሣ ይመክራሉ። ማን ሠራው? በባለሞያዎች ተዘጋጅቶ በጥናት ተፈትኗል? የሚፈሩትን ደረጃ በደረጃ ወደ መጋፈጥ ይመራል ወይስ ማረጋጋት ብቻ ነው ሥራው? ሲከብድ የሚገኝ ሰው አለ? የሚሰጠው መረጃ የት ይቀመጣል፣ ለማንስ ይተላለፋል? በምን ያህል ጊዜ ለውጥ መጠበቅ ይገባል?

ሳምንታት አልፈው ለውጥ ከሌለ ወይም ከባሰ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ምግብና እንቅልፍ ያጣ፣ ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ የሚሰማ፣ በአልኮል ወይም በጫት ራሱን የሚያደነዝዝ ሰው ሕክምናውን ከኮምፒውተር መጀመር የለበትም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ብቻውን ሳይተው ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።

በአራት አሥርት ዓመታት የተሰበሰበው ልምድ ሲጠቃለል ኮምፒውተር የሕክምናውን መንገድ ማሳየት፣ ልምምዱን መመዝገብና የባለሞያን ጊዜ መቆጠብ እንደሚችል ያሳያል። የበሩን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነክቶ መንገዱን የሚቀጥለው ግን ራሱ ታካሚው ነው። በዚያች ደቂቃ ከማሽኑ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጸናው፣ ማታ ደውሎ “ዛሬስ እንዴት ዋልክ?” የሚለው ሰው ነው።